የታዲዮስ ጨጓራ

ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በቅመም መሸጫና በጫማ ማደሻ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አለች። ባለቤቷ ታዲዮስ በሠፈሩ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፣ እሱ የሰፋው ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ የለበሰውን ሰው ከሆነው በላይ የተማረ ማስመሰሉ ነው። ሁለተኛው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ማብራሪያ ይፈልጋል። ታዲዮስ ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው ሁሉ ለሠላሳ ዓመት ያህል «ሐሙስ ና» ሲል ኖሯል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን ለይቶ ተናግሮ አያውቅም። በመጀመሪያው ሐሙስ ገበሩ ይቀራል፤ በሁለተኛው ኮሌታው፤ በሦስተኛው መብራት ጠፍቶ ካውያው አይሞቅም። የሠፈሩም ሰው ከዚህ ጋር ተስማምቶ መኖርን ተምሯል፤ ለጥምቀት የሚለብሰውን ለመስቀል ይለካል እንጂ አይቀየምም። ደግሞም ታዲዮስ አይዋሽም። «ሐሙስ» ሲል ከልቡ ያምንበታል፤ በገዛ ተስፋው የእሱን ያህል ደጋግሞ የተታለለ ሰው በመላው ኮልፌ ቀራንዮ አይገኝም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ግን ሐሙስ የእውነት ቆመ። አንድ ጠዋት ታዲዮስ ጨርቅ ዘርግቶ፣ በሳሙና ቁራጭ ምልክት አድርጎ፣ መቀሱን ሲያነሳ እጁ አልታዘዝም አለ። አልተንቀጠቀጠም፣ አላመመውም፤ ዝም ብሎ አየር ላይ ቀረ። የተሰፋ ይተረተራል፣ ያለቦታው የተተከለ ቁልፍ ይነቀላል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ታዲዮስ ይህን ሙያውን ከተማረበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ያን ዕለት ግን ገና እንደተነገረው መርዶ ደረቱን መታው። ልቡ እንደ ስፌት መኪና ተንጣጣ። መቀሱን አስቀምጦ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ማሳጠር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየርና የተቀደደ መጣፍ ብቻ ሆነ። ጠዋት ከአልጋው ለመነሳት ከራሱ ጋር ረጅም ድርድር ይገጥማል። ምግብ ጨርቅ ጨርቅ ይለዋል። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ኮሌታ እያየ በልቡ መተቸት፣ ከእንጀራ ቀጥሎ ያኖረው የነበረ ደስታ፣ ጭራሽ ተረሳው፤ ሰው ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ቢያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያይም።

ያልተቆረጡት ጨርቆች መደርደሪያው ላይ ተከምረዋል። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ የጉተማ ነው። ጉተማ ቤቴል በሚገኝ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው፤ የካቲት አንድ ቀን የታዲዮስን ልጅ ውዳሴን ያገባል። ታዲዮስ የልጁን ሙሽራ በገዛ እጁ ሊያለብስ ለራሱ ቃል የገባው ውዳሴ ገና መራመድ ሳትጀምር ነበር። መቀሱ ካልተመለሰለት ግን ልጁ ሌላ ሰው ከሰፋው ሱፍ አጠገብ ቆማ ልትዳር ነው። ይህን ሲያስብ ልቡ ይበልጥ ይንጣጣል፤ ልቡ በተንጣጣ ቁጥር መቀሱ ይከብደዋል።

ባለቤቱ አልማዜ ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ውስጥ ስለምትሠራ፣ የታመመ ሰው ሰልፍ ሳይይዝም ታውቃለች። ሦስት ሳምንት ታገሠችው። ከዚያ በአንድ ሐምሌ ጠዋት ገበር አብረን እንምረጥ ብላ ከቤት አወጣችውና፣ በአየር ጤና በኩል በሁለት ታክሲ ወስዳ የአእምሮ ሐኪም ፊት አስቀመጠችው። ታዲዮስ እስከ ዛሬ ስለዚያ ገበር ይጠይቃታል።

ሐኪሟ ዶክተር ኢፍቱ ዕድሜዋ ከውዳሴ ብዙም የማይርቅ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጠችው። ከዚያ ያለበት ድብርትና ጭንቀት አንድ ላይ እንደሆነ፣ እንደሚታከም፣ ለእሱ የሚስማማውን መድኃኒት ማግኘት ግን አንዳንዴ ሙከራና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ነገረችው። መድኃኒቱ ሲዋጥ ዕለቱን የሚሠራ አይደለም፤ ሳምንታት ይፈልጋል።

«ከስድስት ሳምንት በኋላ ይምጡ» አለችው።

ታዲዮስ በመነጽሩ አናት ላይ ተመለከታት። የሙያ ባልደረባውን ያወቀ ሰው አስተያየት ነበር።

«ምን ቀን ይውላል?»

ዶክተር ኢፍቱ የቀን መቁጠሪያዋን አየች። «ሐሙስ።»

ታዲዮስ ወደ ቤቱ የተመለሰው ተስፋ ቆርጦ ነው።

የመጀመሪያው የመድኃኒት ፍሬ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ ነበር። ታዲዮስን በቁሙ አነቃው፤ ሌሊቱን ጣሪያ ሲቆጥር አድሮ፣ ቀኑን ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት በጠባቧ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሸሚዝ ላይ ዐሥራ ሦስት ቁልፍ ተክሎ ተገኘ። ባለሸሚዙ ቅሬታ አላቀረበም፤ አዲስ ፋሽን መስሎት አመስግኖ ወሰደ። እረፍት ማጣቱ ግን የቀጠሮው ቀን ደርሶ እስኪያልፍ አልበረደም፤ መቀሱም ባለበት ነበር።

ሁለተኛው ቢጫና ትንሽ ነበር፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው አስተኛው። አንድ ቀን ወገቡን ሊለካ የገባ ደንበኛ፣ ሜትሩ እንደተጠመጠመበት፣ ልብስ ሰፊው ቆሞ ሲያንቀላፋ አገኘው፤ ጨዋ ሰው ስለነበር አልቀሰቀሰውም፤ እስኪነቃ ጠበቀ። ከእንቅልፉ የባሰው ግን የአፉ መድረቅ ነው። ልብስ ሰፊ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የሚያሳልፈው ጫፉን በምራቁ አርሶ ነው። ታዲዮስ ምራቅ አጣ። ሠላሳ ዓመት ያለምንም ሐሳብ ያደረገውን ነገር ለማድረግ ጠረጴዛው ላይ የውሃ ሲኒ አስቀምጦ፣ ክሩን እንደ ሕፃን ጣት እየነከረ ይሠራ ጀመር። ዶክተር ኢፍቱ ይህን ስትሰማ ከልብ አዘነች፤ ካርዱ ላይም ጻፈችው። ስለ ክር የተጻፈበት የሕክምና ካርድ በዚያ ክሊኒክ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሠፈር ግን ይጠይቃል። አንድ ሰው በየጊዜው ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቴል ሲሄድ፣ ፊቱ ሲጠቁርና ሱሪው ሲሰፋው፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝም ብሎ አያይም። ታዲዮስ ሲጠየቅ «ጨጓራ ነው» አለ።

ጨጓራ በአዲስ አበባ የተከበረ ሕመም ነው። ሁሉም አለበት፤ ማንም አያፍርበትም። ሐኪም ቤት መመላለስን፣ ምግብ መተውን፣ ሰው እያወራ ባዶ ግድግዳ ማየትን ሳይቀር ያስረዳል። አንድ እንከን ብቻ አለው፤ መድኃኒቱን የማያውቅ ሰው የለም። ከወዲያኛው ጎን ያለው ጫማ አዳሽ ሙሐዲን ጥቁር አዝሙድ በማር አዘዘለት። ከወዲህኛው ጎን ያሉት የቅመም ነጋዴዋ ወይዘሮ ዋጋነሽ ግን ምክር የሚሰጡ ሴት አይደሉም፤ ይዘው ይመጣሉ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ከቦንጋ መጥተው ኮልፌ ከከተሙ አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ከመድረሳቸው በፊት የኮረሪማ ሽታቸው የሚደርስ ሴት ናቸው። የራሳቸው ሕመም ደም ግፊት ነው። በዚህም ምክንያት ታዲዮስ አብረው ምሳ በበሉ ቁጥር ጨው እጃቸው እንዳይገባ ለአምስት ዓመት እንደ ዘበኛ ሲጠብቅ ኖሯል፤ የጉርብትና ነገር ነው። አሁን ተራው የእሳቸው ሆነ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የሞቀ ወተት ይዘው ይገባሉ፤ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ድረስም በራፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው ፍሬ ነጭና ሞላላ ሲሆን ማግኘቱ ራሱ ሥራ ሆነ። የቤቴል መድኃኒት ቤቶች የለም አሉ፤ አየር ጤና አልቋል አለ። አልማዜ አራት ቀን ስትጠይቅ ሰንብታ፣ መጨረሻ ላይ ቤታቸው አጠገብ፣ ኮልፌ ገበያው ጫፍ ላይ ካለች ትንሽ መድኃኒት ቤት አገኘችው። ሦስተኛው መድኃኒት በዚህ አኳኋን የተጀመረው ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ የነቢያት ጾም በገባበት ሳምንት ነው።

ጾም ሲገባ ወተት ቀረ። ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ የታመመ ሰው በጾም ሰዓት እንዲቆጥር እንደማይገደድ፣ ወተት ግን በምንም መልኩ እንደማይፈቀድለት ወሰኑ፤ ጨጓራ ደግሞ ያለሚያለሰልስ ነገር አይተውም። በነጋታው ብርጭቆው ተልባ ሆኖ መጣ። የተቆላ፣ የተወቀጠ፣ በማር የተበጠበጠ፣ ማንኪያ የሚያቆም ተልባ ነው። ታዲዮስ ኪኒኑን የሚውጠው በዚያው በሁለት ሰዓት ስለሆነ በእሱው አወራረደው። እንቢ ማለት አይችልም፤ የጨጓራ በሽተኛ ተልባ እንቢ ካለ ነገሩ ይመረመራል።

ይህ ለአራት ሳምንት ያህል ቀጠለ። አዲሱ መድኃኒት አልቀሰቀሰውም፣ አላስተኛውም፣ አፉን አላደረቀውም። በአጭሩ ምንም አላደረገውም። የካቲት አንድ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም፤ ጥቁር ሰማያዊው ሱፍ አቧራ እንዳይለብስ አልማዜ ነጠላ አልብሳዋለች። ጉተማ በሱቁ በኩል ሲያልፍ በጨዋነት ወደ መደርደሪያው አያይም፤ የማያይበት መንገድ ግን ከማየት ይብሳል።

ታኅሣሥ ላይ ታዲዮስ ዶክተር ኢፍቱ ፊት ተቀምጦ፣ ሦስተኛውም እንዳልሠራ፣ ምናልባት ለእሱ ዓይነት ሰው የሚሆን መድኃኒት ገና እንዳልተሰፋ ነገራት። ዶክተሯ ቸኩላ አልፈረደችም። በየዕለቱ ይውጥ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ይውጣል። በስንት ሰዓት? በሁለት።

«በምንድን ነው የሚወስዱት?»

«በተልባ።»

«በውሃ ማለትዎ ነው?»

«በተልባ፣ ዶክተር። አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ ጠዋት ጠዋት።»

«ለምን?»

«ለጨጓራዬ።»

ዶክተር ኢፍቱ ካርዱን ወደ ኋላ ገለጠች። የክሩን ነገር አልፋ የመጀመሪያው ገጽ ድረስ ሄደች። «ጨጓራ እንዳለብዎ እዚህ አልተጻፈም።»

«የለብኝማ» አለ ታዲዮስ።

ዶክተሯ ካርዱን ፊቷ ድረስ ከፍ አደረገችና ለጥቂት ጊዜ ከኋላው ቆየች። ስትወጣ ዐይኖቿ እርጥብ ነበሩ፤ በሐዘን ግን አልነበረም። ከዚያ በቁም ነገር አስረዳችው። ተልባ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለጠልጣል፤ አብሮት የተዋጠውን መድኃኒት ጠቅልሎ ይዞ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ሊያደርገው ይችላል። ጥፋቱ ሁሉ የተልባው ነው ብላ አትምልም። ነገር ግን ሁለቱ መለያየት አለባቸው፤ ኪኒኑ ጠዋት በውሃ፣ ተልባው ካስፈለገ ከሰዓታት በኋላ። ሦስተኛውን መድኃኒት በቅጡ ሳይሞክሩት ሊያባርሩት ነበር።

«ጎረቤትዎን ብቻ ይንገሯቸው» አለች በመጨረሻ፣ ከሁሉ ቀላሉን ነገር የነገረችው እየመሰላት።

ታዲዮስ ግን ተልባውን ለመተው ጨጓራውን መተው ነበረበት፤ ጨጓራውን ከተወ በእሱ ቦታ የሚያስቀምጠው ስም ያስፈልገዋል፤ ያ ስም ደግሞ በኮልፌ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ነገሩን አስተላለፈው። ወይዘሮ ዋጋነሽ ብርጭቆውን ሲሰጡት አንድ ጊዜ ይጎነጭና፣ ደንበኛ ጠርቷቸው ዞር ሲሉ፣ የቀረውን ደጃፉ ላይ በቆርቆሮ ለተተከለችው ጽጌረዳ ይደፋላታል። ኪኒኑን በኋላ በውሃ ይውጣል። ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዋጋነሽ በራፉ ላይ ቆመው ቆርቆሮዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አፈሩ እንደ አጥሚት ረግቷል።

«አንተ ታዲዮስ» አሉ፤ «ጽጌረዳዋንም ጨጓራ ጀመራት?»

ታዲዮስ ደንበኛ የሚቀመጥበትን በርጩማ አቀረበላቸው። ተቀመጡ። እሱ ሜትሩን እየጠቀለለና እየፈታ፣ ወደ እሳቸው ሳያይ፣ ጨጓራ እንደሌለበት ተናገረ። ከዚያ የቀረው ራሱ ወጣ፤ እጁ አየር ላይ ስለቀረበት ጠዋት፣ ስለ ቤቴል፣ ስለ ዐሥራ ሦስቱ ቁልፎች፣ ስለ ደረቀው አፉ፣ የውዳሴን ሙሽራ ራቁቱን የሚድር መስሎ ስለሚታየው ነገር። በመጨረሻ ተልባው ላይ ደረሰና ይቅርታ ጠየቃቸው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። 

«ስንተኛው ነው?»

«ምኑ?»

«ኪኒኑ።»

«ሦስተኛው።»

«ለእኔ የተስማማኝ አራተኛው ነው» አሉ።

ሜትሩ ከታዲዮስ እጅ ወደቀ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያህል ተረጋግተው ነገሩት። ባላቸው ባረፉ በዓመቱ፣ ለቅሶው አልቆ ሰው ሁሉ ተጽናንተዋል ባላቸው ጊዜ፣ የሱቁን ቁልፍ ይዘው በር ላይ ቆመው መክፈት እያቃታቸው ይመለሱ ነበር። ሐኪም ቤት የሄዱት ብቻቸውን ነው። አንዱ መድኃኒት አሳበጣቸው፤ ሌላው ራሳቸውን አዞራቸው፤ ሦስተኛውን ተሻለኝ ብለው በራሳቸው ፈቃድ አቋረጡትና እንደገና አልጋ ላይ ወደቁ። አራተኛው ያዘላቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ።

«ደም ግፊትዎስ?» አለ ታዲዮስ።

«ሐኪም ቤት ለምን ትሄጃለሽ ሲሉኝ ያልኩት ነው። ደም ግፊት የለብኝም። አምስት ዓመት ሙሉ ወጡን ያለጨው ያስበላኸኝ አንተ ነህ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን ተው አይሉኝም?»

«አንተስ ተልባው በቃኝ አልከኝ?»

ታዲዮስ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ ስቆ ስለማያውቅ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ሙሐዲን የያዘውን ጫማ እንደያዘ ምን ተፈጠረ ብሎ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሁለቱም «ምንም» አሉት። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ታዲዮስ አንድም ቃል ሳይናገር የጨው ዕቃውን ወደ ወይዘሮ ዋጋነሽ ገፋ አደረገው። እሳቸውም ያለሐፍረት ጨመሩ፤ ሲያዩት የዓመታት ውዝፍ የሚያስከፍሉ ይመስሉ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ በሁለት ሰዓት የሚመጣው ብርጭቆ ውሃ ሆነ። ብርጭቆው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ባዶ እስኪሆን ቆሞ መጠበቁም ያው ነው። ሙሐዲን ለጥቂት ቀናት ሲታዘብ ቆይቶ፣ ዘንድሮ ተልባው በጣም ቀጠነ ሲል አስተያየት ሰጠ፤ ወይዘሮ ዋጋነሽ የተወደደ ነገር ሁሉ እንደሚቀጥን ነገሩት።

ለውጡ በመለከት አልመጣም። ታዲዮስ በየማለዳው ራሱን እየዳሰሰ ዛሬስ ሲል፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ በቀን እንዳይቆጥር፣ ከሳምንት ሳምንት እንዲያስተያይ ይገሥጹታል። ገና አለፈ። አንድ ቀን አልማዜ የሠራችው ዶሮ ጨርቅ ጨርቅ ሳይሆን ዶሮ ዶሮ አለው። ጥምቀት ሊገባ ሰሞን ደግሞ በመንገድ የሚያልፍ የአንድ ጎልማሳ ኮሌታ ግራው ከቀኙ በግማሽ ጣት ዝቅ ማለቱን አየና ተናደደ። ንዴቱ ልብን ደስ የሚያሰኝ ነበር። ማን ነው ይህን የሰፋው ብሎ በር ድረስ ወጣ፤ ሰውየው ሲዞር የራሱ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ፤ ኮቱም የራሱ ነው። ሕመሙ ሊጀምረው ሰሞን የወጣ ሥራ ነበር። ይዞት ገብቶ አስተካከለለት።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ሐሙስ ጠዋት፣ ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን ከመለሰ በኋላ፣ ታዲዮስ ጥቁር ሰማያዊውን ሱፍ ከነጠላው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የጉተማን ልክ ከደብተሩ ገልብጦ በሳሙና አሰመረ። መቀሱን አነሳ። ፍርሃቱ መጣ፤ መምጣቱን አልካደም። ነገር ግን እንደ ድሮው ቤቱን ሞልቶ አልቆመም፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ደንበኛ አንድ ጥግ ያዘ። ታዲዮስ እንዲጠብቅ ነገረውና መቀሱን ጨርቁ ላይ ሰካ።

ከግድግዳው ባሻገር ወይዘሮ ዋጋነሽ በርበሬ እየሰፈሩ ነበር። የትልቁ መቀስ ታችኛው ምላጭ ጠረጴዛውን እየፋቀ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ሲሰሙ መስፈራቸውን ገታ አደረጉ፤ ገዢዋን በእጃቸው ዝም አሰኝተው አዳመጡ። ድምፁ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሳይቋረጥ ሄደ። ከዚያ አንድ ጭልፋ መርቀው ለገዢዋ ጨመሩላት፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም።

ከሰዓት በኋላ ጉተማ ሲያልፍ ታዲዮስ ጠራውና «ሐሙስ ና» አለው። ጉተማ በአክብሮት እሺ አለ፤ የሚያገባው ከዚህ ቤት ስለሆነ የቤቱን ቋንቋ ያውቃል።

በሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሱፉ አለቀ። ገበሩ ገብቷል፤ ኮሌታው ቆሟል፤ መብራትም አልጠፋም። ታዲዮስ ኮቱን ተኩሶ፣ ሰቅሎ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። ማንም አልመጣም። ሠላሳ ዓመት ሰው ሐሙስን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሐሙስ ሲመጣ የሚያምነው ጠፋ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ገብተው ሱፉን ዞረው አዩ፤ ትከሻውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ሰው እንዲመጣ ከፈለገ ሁለት ሐሙስ ማሳለፍ እንደነበረበት ነገሩት።

ታዲዮስ ሱቁን ዘጋ። ሱፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ በማንጠልጠያው ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ማዞሪያው ላይ ታክሲ ተሳፈረ። እስከ አየር ጤና ድረስ የአልጋ ቁራኛ የሚያደርስ ያህል አቅፎት ተቀመጠ፤ አጠገቡ ያሉ ተሳፋሪዎችም እንዳይጨማደድ ተጠጋጉለት። ቤቴል ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ለመለቀቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጉተማ ሰው ይፈልግሃል ተብሎ ከክፍል ሲወጣ፣ የእጮኛውን አባት በር ላይ ሱፍ ተሸክሞ ቆሞ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ጠመኔው በእጁ እንዳለ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ታዲዮስ፣ ምን ሆናችሁ? ውዳሴ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«እና ምን ተፈጠረ?»

«ምንም» አለ ታዲዮስ፣ ኮቱን ከነጠላው እያወጣ። «ሐሙስ ነው። እጅህን ዘርጋ፣ ጠመኔህን ግን መጀመሪያ አራግፍ።»